ስልካቹን ለጥናት አዘጋጁት፦ አፕ አውርዳቹ በሳምንቱ ለምትረሱት

ሴሚስተር ሲጀመር አስር አስራ ሁለት "የተማሪ አፕ" ይጫናል፣ በከለር በከለር ይደረደራል፣ ሚድ ሲደርስ አንዱም አይከፈትም። ብዙ ልጆች እዚሁ ጋ ነው የሚወድቁት። ስንፍና ነው እንዳትሉ፣ አፖቹ የተሰሩት ኢንተርኔት ሁሌ ላለው፣ ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት ለሚቆጥር፣ ስልኩ ሰፊ ሚሞሪ ላለው ሰው ነው። እኛ ጋ ደሞ ሰዓቱም ሌላ፣ ቀኑም ሌላ፣ ዳታውም ሲፈልግ አለ ሲፈልግ የለም። እነዚህን ሳታስተካክሉ የቱንም አፕ ብትጭኑ ልፋቱን ውሃ በላው ማለት ነው።

ስለዚህ አዲስ የምትጭኑት ሶስት ብቻ ነው፦ ጉግል ካላንደር፣ ጉግል ኪፕ (የአጭር ማስታወሻ) እና አንኪድሮይድ (የክለሳ ካርድ፣ ባጭሩ አንኪ የምንለው)። ቴሌግራም ያው አላቹ፣ ጉግል ድራይቭ ደሞ አብዛኛው አንድሮይድ ላይ ከነበረው ጋር ይመጣል። "ኖሽንስ?" የሚል አይጠፋም። ቆንጆ የማስታወሻና የፕላን አፕ ነው፣ ግን ያለ ኢንተርኔት ብዙም አይመችም፣ ርካሽ ስልክ ላይም ይንቀራፈፋል፣ ከዛ በላይ ደሞ ሰው ገጹን ሲያሳምር ይውልና ሳያጠና ይመሻል። ተዉት።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ። ዘላቹ አንኪ ላይ ከጀመራቹ ሚሞሪው ሲሞላ ወይ ሰዓቱ ሲዛባ ትመለሳላቹ።

ከመጀመራቹ በፊት የሚያስፈልግ

- ዋይፋይ። ግቢ ውስጥ ከሆናቹ ሌሊት ወይ በማለዳ ግቡበት፣ ማታ ሁሉም ሰው ስለሚገባበት ይጎተታል። ዋይፋይ ከሌለ በ*999# ፓኬጅ ግዙ፣ የሌሊቱ ይረክሳል።
- የምታስታውሱት ጂሜይልና ፓስወርዱ። ስልክ የገዛንበት ልጅ በከፈተው ጂሜይል የምንጠቀም ብዙ ነን፤ ፓስወርዱን ካላወቃቹት አሁኑኑ የራሳቹን ክፈቱ፣ ወረቀት ላይ ጽፋቹ ዶርም አስቀምጡት።
- የክላስ ፕሮግራማቹ፣ ፎቶ ሳይሆን ወረቀት ላይ የተጻፈ። ፎቶ ከሆነ እያያቹ ስትሞሉ ከአፑ መውጣት መግባቱ ያሰለቻቹሃል።
- ፉል ቻርጅ። ደብረ ብርሃን ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ባትሪን በቶሎ ይጨርሰዋል፣ ስልኩን መስኮት ላይ አታሳድሩት።

አይፎን ለያዛቹ፦ ኦፊሻሉ የአንኪ አፕ አይፎን ላይ በክፍያ ነው፣ ዋጋውም ለተማሪ ይከብዳል። ብራውዘር ላይ አንኪዌብ የሚባለውን በነፃ ተጠቀሙ፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል ግን ይሰራል።

ደረጃ 1፦ ሚሞሪውን አስለቅቁ

አብዛኛው ስልክ የሚሞላው በቴሌግራም ነው። የክላሱ ግሩፕ፣ የዶርሙ ግሩፕ፣ የቀልድ ቻናል፣ ሁሉም ቪዲዮ እየላከ ስልካቹ ዝም ብሎ ያወርዳል።

1. መጀመሪያ የምትፈልጓቸውን ፒዲኤፎች አትርፉ። ፋይሉ ጎን ያሉትን ሶስት ነጥቦች ነክታቹ "ሴቭ ቱ ዳውንሎድስ" በሉ። ይሄን ሳታረጉ ወደ ቁጥር 3 እንዳትሄዱ!
2. ሴቲንግስ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዛ አውቶማቲክ ሚዲያ ዳውንሎድ ስር የሞባይል ዳታውን አጥፉት።
3. እዛው ስቶሬጅ ዩሴጅ ግቡና ክሊር ካሽ አርጉ። የትኛው ግሩፕ ስንት እንደያዘ ይዘረዝርላቹሃል፣ ትምህርት ያልሆነውን ብቻ ምረጡ።
4. እዛው ገጽ ላይ የተቀመጠ ሚዲያ ለስንት ጊዜ ይቆይ ሲላቹ ለግሩፕና ለቻናል 1 ሳምንት በሉት።
5. ቻት ፎልደርስ ግቡና "ትምህርት" የሚል ፎልደር ክፈቱ፣ የክላስ ግሩፖችን ብቻ እዛ ክተቱ።

ካሽ ስታጠፉ ፋይሉ ከቴሌግራም አይጠፋም፣ ከስልካቹ ነው የሚጠፋው፣ ስለዚህ መልሳቹ ለማውረድ ዳታ ያስፈልጋል። የላከው ሰው ወይ አድሚኑ ከሰረዘው ደሞ በቃ ሄደ። ቁጥር 1ን አጥብቄ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሚሞሪው አሁንም ሙሉ ከሆነ ጋለሪ ውስጥ የቴሌግራም ቪዲዮ የሚል ፎልደር ፈልጉ። ቢያንስ 2 ጊጋ ባዶ ሲሆን ቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ ሰዓትና ቀን (አትዝለሉት)

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው።

የስልኩን ሰዓት ወደ ሀበሻ አቆጣጠር ያዞራቹ ካላቹ መልሱት። ሴቲንግስ፣ ዴት ኤንድ ታይም፣ አውቶማቲክ አብሩ፣ ታይም ዞኑ የአዲስ አበባ ይሁን። በእጅ የተዞረ ሰዓት ላይ አንኪ ሲንክ (ካርዱን ኢንተርኔት ላይ ካለው ጋር ማመሳሰል) አላረግም ይላል፣ ዓመቱንም በኛ አቆጣጠር ያደረጋቹ ካላቹ ብራውዘሩ ራሱ ዌብሳይት አልከፍትም ይላቹሃል። አንዳንዱ ብልጥ ደሞ ሰዓቱን ሳይነካ ታይም ዞኑን ጂኤምቲ ማይነስ 3 ያደርገዋል፣ እውነት ነው ስልኩ ላይ የኛ ሰዓት ይመጣል፣ ሲንኩም አይበላሽም። ግን ስልኩ ሪስታርት ብሎ ወይ አውቶማቲኩ በርቶ ወደ ቦታው የተመለሰ ቀን ለጠዋት 2 ሰዓት የሞላቹት አላርም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ዶርሙን በሙሉ ይቀሰቅሳል።

ከዛ እዛው ገጽ ላይ 24 ሰዓት የሚለውን አብሩ። ኤኤም ፒኤም እያሉ መጋባት ይቀራል። አቀያየሩ ይሄ ነው፦

- ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 12 ሰዓት፦ 6 ደምሩ። ጠዋት 2 ሰዓት 8:00 ነው፣ ከሰዓት 8 ሰዓት 14:00 ነው፣ ማታ 12 ሰዓት 18:00 ነው።
- ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት፦ 18 ደምሩ። ምሽት 2 ሰዓት 20:00 ነው።
- ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋት 12 ሰዓት፦ 6 ቀንሱ። ሌሊት 10 ሰዓት 4:00 ነው።

ሌሊት የምታጠኑ ልጆች አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ "ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት" የምንለው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው፣ ካላንደሩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ማክሰኞ ብሎታል። ስለዚህ ማክሰኞ 4:00 ብላቹ ሙሉ። ሰኞ ላይ ከሞላቹት አንድ ቀን ቀድሞ ይጮሃል፣ እናንተም "አፑ ተበላሽቷል" ትላላቹ።

ቀኑ ደሞ ሌላ ጉድ ነው። መምህሩ ቦርድ ላይ "21/3" ብሎ ጻፈ፣ ኅዳር 21 ማለቱ ነው። ካላንደሩ ውስጥ 3ኛው ወር ማርች ስለሆነ ማርች 21 ላይ ሞልቶ ፈተናው ያለፈው ልጅ አይጠፋም። ኅዳር 21 ኖቬምበር 30 ነው። ይሄን ዝርዝር ደብተራቹ ጀርባ ላይ ገልብጡት፦

መስከረም 1፣ ሴፕቴምበር 11
ጥቅምት 1፣ ኦክቶበር 11
ኅዳር 1፣ ኖቬምበር 10
ታኅሣሥ 1፣ ዲሴምበር 10
ጥር 1፣ ጃንዋሪ 9
የካቲት 1፣ ፌብሩዋሪ 8
መጋቢት 1፣ ማርች 10
ሚያዝያ 1፣ ኤፕሪል 9
ግንቦት 1፣ ሜይ 9
ሰኔ 1፣ ጁን 8

ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ከመስከረም እስከ የካቲት 21 ድረስ አንድ ቀን ጨምሩበት፤ ቀጣዩ እንደዛ የሚሆነው 2020 ነው። ይሄ ሁሉ ሂሳብ ምን አስፈለገኝ የምትሉ የኢትዮጵያ ካላንደር መቀየሪያ አፕ ጫኑ፣ ብዙ ነፃ አለ፣ ብቻ ያለ ኢንተርኔት መስራቱን ዳታ አጥፍታቹ ሞክሩ።

ደረጃ 3፦ ካላንደሩን ሙሉ

1. ጉግል ካላንደርን በራሳቹ ጂሜይል ክፈቱ።
2. የመደመር ምልክቱን ነክታቹ "ኢቨንት" ምረጡ፣ የኮርሱን ስምና የክፍሉን ቁጥር ጻፉ።
3. ሰዓቱን በደረጃ 2 አቀያየር ሙሉ።
4. "ዳዝ ኖት ሪፒት" የሚለውን ነክታቹ ከስተም ግቡ፣ በየሳምንቱ በሉ፣ ክላሱ ያለባቸውን ቀናት ሁሉ አንድ ላይ ምረጡ።
5. "ኢንድስ" የሚለው ላይ ሴሚስተሩ የሚያልቅበትን ቀን ስጡት። ይሄን የሚረሳ በክረምት እረፍት ቤተሰብ ጋ ተኝቶ "የካልኩለስ ክላስ አለህ" እየተባለ ይቀሰቀሳል።
6. ኖቲፊኬሽኑን 30 ደቂቃ አርጉት።

ፈተናና አሳይመንት ሲሆን አንዴ ብቻ አትሙሉ። አንዱን በማስረከቢያው ቀን፣ ሌላውን ከዛ 3 ቀን ቀድሞ "ጀምር" በሚል ስም ሙሉ፤ የሚሰራው ሁለተኛው ነው፣ በቀኑ የሚጮህ ማስታወሻ ማስደንገጥ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ኩዊዝ በቃል ሲነገር ደሞ እዛው ክላስ ውስጥ ሙሉት፣ "በኋላ ከሪፑ (ከክላስ ተወካዩ) እጠይቃለሁ" ብላቹ ከወጣቹ ትረሱታላቹ።

ካልጮኸስ? ስልኩ ከጀርባ እየዘጋው ነው ማለት ነው። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ላይ ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ካላንደር፣ ባትሪ ግቡና "አንሪስትሪክትድ" በሉት። ፎን ማስተር የሚባለው አፕ ካለ እሱም ውስጥ ገብታቹ አውቶ ስታርት ፍቀዱለት። ስትጨርሱ ለሙከራ ከ5 ደቂቃ በኋላ የሚሆን ኢቨንት ሙሉ፣ ኖቲፊኬሽኑን ከ30 ደቂቃ ወደ ኢቨንቱ ሰዓት ቀይሩና ስክሪኑን ዘግታቹ ጠብቁ፣ መጮሁን ሳታዩ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

ደረጃ 4፦ ወረቀትና ማስታወሻ

ይሄ አጭር ነው። ሀንድአውት ወይ የጓደኛ ደብተር ስትቀዱ በካሜራ ፎቶ አታንሱ፣ ጋለሪ ውስጥ ከሰርግ ፎቶ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ድራይቭን ክፈቱና የካሜራ ምልክቱን ወይ "ስካን" የሚለውን ንኩ፣ ገጽ በገጽ አንስታቹ አንድ ፒዲኤፍ ይሆናል። ስም ስትሰጡ ኮርስና ምዕራፍ፦ "ባዮ ምዕ 3"። "አዲስ ፋይል 47" ብሎ ያስቀመጠ መቼም አያገኘውም። ሲጨርሱ ፋይሉ ጎን ያሉትን ሶስት ነጥቦች ነክታቹ "ሜክ አቬይለብል ኦፍላይን" አርጉ። ጂሜይላቹ በነፃ የሚሰጣቹ 15 ጊጋ ነው፣ ለፒዲኤፍ ይበቃል፣ የጋለሪ ባካፕ ካበራቹ ግን ቶሎ ይሞላል።

ኪፕ ለአጭር ነገር ብቻ ይሁን፦ መምህሩ ያለው ገጽ፣ ያልገባቹ ጥያቄ፣ የሚገዛ ነገር። ለአንድ ኮርስ አንድ ማስታወሻ፣ እላዩ ላይ ፒን። በአማርኛ መጻፍ ካስቸገራቹ ጂቦርድ ላይ አማርኛ ጨምሩና ማይኩን ነክታቹ ተናገሩ፣ ይጽፍላቹሃል፣ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል።

የተላከላቹ ወርድ ፋይል ሲከፈት ጉራማይሌ ፊደል ካወጣ ፋይሉ አልተበላሸም፣ ኮምፒውተር ላይ በፓወር ግዕዝ ወይ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ነው፣ ስልክ ያን ፎንት አያውቀውም። አስር አፕ ከመሞከር የላከውን ሰው "ፒዲኤፍ አርገህ ላክልኝ" በሉት።

ደረጃ 5፦ አንኪድሮይድ፣ ለክለሳ

ካርድ ታዘጋጃላቹ፣ ፊቱ ላይ ጥያቄ ጀርባው ላይ መልስ። ያወቃችሁትን እያራቀ፣ የረሳችሁትን እያቀረበ ይጠይቃቹሃል፣ ነገ፣ ከዛ ከቀናት በኋላ፣ ከዛ ከሳምንታት በኋላ። ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ አንድሮይድ ላይ ነፃ ነው። ፕሌይ ስቶር ላይ በአንኪ ስም የሚነግዱ ሌሎች አፖች ስላሉ ክፍያ የሚጠይቅ ካጋጠማቹ እሱ አይደለም፣ ስሙ ሙሉውን "አንኪድሮይድ" የሚለውን ፈልጉ።

አዘገጃጀቱ

1. ለአንድ ኮርስ አንድ ዴክ (የካርድ ስብስብ) ክፈቱ። ለየምዕራፉ አትክፈቱ፣ ሃያ ዴክ ያለው ሰው ሁሉንም መክፈት ሰልችቶት ይተወዋል።
2. ዴኩን ተጭናቹ ቆዩ፣ ዴክ ኦፕሽንስ ግቡ፣ በቀን አዲስ ካርድ የሚለው 20 ይላል፣ 10 አርጉት። አሁን ትንሽ ይመስላል። ግን አዲሱ ካርድ ነገም ከነገ ወዲያም ስለሚመለስ በ20 የጀመረ ሰው ከሳምንታት በኋላ በየቀኑ ከመቶ በላይ ክለሳ ይጠብቀዋል።
3. ካርድ ጻፉ። በአንድ ካርድ አንድ ነገር ብቻ።

ካርድ አጻጻፉን ብዙ ሰው ስለሚያበላሸው ትንሽ ልቆይበት። "ስለ ፎቶሲንተሲስ አብራራ" ካርድ አይደለም፣ የፈተና ጥያቄ ነው፣ መልሱን አንብባቹ "አዎ አውቀዋለሁ" ብላቹ ታልፋላቹ፣ አታውቁትም። ሰባብሩት፦ "በፎቶሲንተሲስ የሚወጣው ኦክስጅን ከየትኛው ሞለኪውል ነው የሚመጣው?" መልሱ ከውሃ። "ሚዮሲስ ከአንድ ሴል ስንት ሴል ያወጣል?" መልሱ 4። ታሪክም እንደዛው፣ "የውጫሌ ውል" ብሎ ሙሉ ገጽ ጀርባው ላይ መለጠፍ አይሰራም። አንዱ ካርድ "ውሉ በስንት ዓ.ም. ተፈረመ?" 1881፣ ሌላው "ያጣላው አንቀጽ ስንተኛው ነው?" 17ኛው። የሂሳብ ካርድ ላይ ደሞ ፎርሙላውን ብቻ ሳይሆን "መቼ ነው የምጠቀመው" የሚል ካርድ ጨምሩ፣ ፎርሙላ ሸምድዶ የት እንደሚያስገባው የማያውቅ ልጅ ሞልቷል።

ሌላ ሰው የሰራውን ሺህ ካርድ ያለው ዴክ አታውርዱ። ካርዱን መጻፉ ራሱ ግማሽ ጥናት ነው።

በየቀኑ

ጠዋት ምግብ ቤት ወረፋ ላይ ወይ ክላስ ሳይገባ ክፈቱት፣ መጀመሪያ ክለሳውን ጨርሱ። መልሱን ከማየታቹ በፊት በአፋቹ ወይ በሆዳቹ መልሱት። ከዛ ከአራቱ ቁልፎች ምረጡ። ከረሳቹት "አጌይን"፣ ካስታወሳቹት "ጉድ"። እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። "ሃርድ" ማለት አስቸግሮኛል ግን አስታውሼዋለሁ ነው፣ ብዙ ሰው የረሳውን ካርድ አፍሮ ሃርድ ይለዋል፣ አፑ ደሞ አወቀው ብሎ ያርቀዋል፣ ከዛ ፈተና ላይ ባዶ።

ሌሊት ለሚነሱ፦ አንኪ ቀኑን የሚቀይረው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው፣ ስልኩ 4:00 ሲል። 9 ሰዓት ላይ ተነስታቹ "የዛሬ ካርድ የለም" ካላቹ ተበላሽቶ አይደለም፣ ለሱ ገና ትናንት ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ሰዓቱን መቀየር ይቻላል።

ባካፕ

አንኪዌብ ላይ አካውንት ክፈቱና በሳምንት አንዴ ሲንክ አርጉ። አዲስ ስልክ ላይ ስትገቡ ግን ተጠንቀቁ። "አፕሎድ ወይስ ዳውንሎድ?" ብሎ ከጠየቀ ዳውንሎድ በሉ። አፕሎድ ካላቹ ባዶውን ስልክ ወደ ላይ ልኮ የዓመት ካርዳቹን ይደመስሰዋል። አንኪዌብ ላይ ብቻም አትመኑ፣ ከሜኑው ኤክስፖርት ብላቹ ሙሉ ኮሌክሽኑን አውጡና ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ ወርውሩት።

ደረጃ 6፦ ቲክቶክን ማሰር

ሴቲንግስ፣ ዲጂታል ዌልቢዪንግ፣ ፎከስ ሞድ። ቲክቶክን፣ ፌስቡክን፣ ዩቲዩብን ምረጡ፣ ሰዓት ስጡት (ምሽት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ከሆነ ከ19:00 እስከ 22:00)። ቴሌግራምን እዚህ አታስገቡት፣ ፒዲኤፉ እዛ ነው ያለው፣ ይልቅ ከ"ትምህርት" ፎልደር ውጪ ያሉትን ግሩፖች ሚዩት አርጉ። ስልካቹ ላይ ፎከስ ሞድ የሚባል ከሌለ ቲክቶክን ዴሊት አርጉና እሁድ እሁድ መልሳቹ ጫኑ። ማውረዱ ራሱ ያሰንፋል።

ደረጃ 7፦ ኔትወርክ ወደሌለበት ከመሄዳቹ በፊት

በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሞባይል ዳታ በአማራ ክልል ተዘግቶ ለወራት ሲከርም ሁሉንም ነገር "ኦንላይን አለኝ" ይል የነበረ ተማሪ ባዶ እጁን ነው የቀረው። ዳታው ባይዘጋም እንኳን ለእረፍት ወደ መሀል ሜዳ፣ ሞላሌ ወይ ዓለም ከተማ ገጠር የምትገቡ ልጆች ከከተማ ወጣ ሲባል ኔትወርኩ ምን እንደሚሆን ታውቃላቹ። መናኸሪያ ከመሄዳቹ በፊት ባለው ምሽት፦

1. ድራይቭ ላይ የምትፈልጉትን ሁሉ ኦፍላይን አርጉ።
2. ቴሌግራም ላይ ያሉትን ፒዲኤፎች ወደ ዳውንሎድስ አውጡ።
3. አንኪን ሲንክ አርጉ፣ ኤክስፖርቱንም ሚሞሪ ካርድ ላይ አስቀምጡ።
4. ዳታና ዋይፋዩን ዝጉና ሁሉንም ፋይል አንድ በአንድ ክፈቱ። የማይከፈት ካለ አሁን ነው የሚታወቀው፣ መንገድ ላይ ጣርማ በር ከደረሳቹ በኋላ አይደለም።

ሲበላሽ

ክለሳው 300 ደርሶ አንኪን መክፈት ከፈራቹ፦ ዴክ ኦፕሽንስ ውስጥ አዲስ ካርድን 0 አርጉ፣ የቀኑን ክለሳ 50 ላይ ገድቡ። ተቆልሎ ይቆያል እንጂ የትም አይሄድም። ከ50ው በታች ሲሆን አዲሱን ወደ 5 መልሱ። ዴኩን አጥፍቶ "እንደ አዲስ እጀምራለሁ" ማለት አይሰራም፣ ሁለተኛ አትጀምሩትም።

አንዱ ካርድ ደጋግሞ ከጣላቹ፦ 8 ጊዜ ከወደቃቹበት አንኪ ራሱ "ሊች" ብሎ ምልክት ያረግበታል። ካርዱ መጥፎ ነው፣ ለሁለት ክፈሉት ወይ ወደ መጽሐፉ ተመለሱ፣ መጀመሪያውኑ አልገባቹም ማለት ነው።

ሲንክ እምቢ ካለ፦ የስልኩን ሰዓት እዩ፣ ደረጃ 2።

ሳምንት ሙሉ ምንም ካልከፈታቹ፦ ሁሉንም ባንዴ ለመመለስ አትሞክሩ። ካላንደሩን ብቻ አስተካክሉ፣ የሚቀጥሉትን ፈተናዎች ሙሉ፣ አንኪውን ከሶስት ቀን በኋላ።

ስልኩ ከጠፋ ወይ ከተሰበረ፦ ሲም ካርዱን መጀመሪያ አስመልሱ፣ ቴሌግራም በስልክ ቁጥሩ ነው የሚገባው። ከዛ በተዋሳቹት ስልክ ጂሜይሉን ክፈቱ፣ ካላንደሩ፣ ኪፑና ድራይቩ ይመለሳሉ። አንኪው ከአንኪዌብ፣ ዳውንሎድ የሚለውን። የተዋሳቹትን ስልክ ስትመልሱ ሎግ አውት አርጉ።